ከአሌክሳንድሪያ እስከ ዳላስ፦ መኪና በተሳቢ ጭኖ የአራት ቀን መንገድ

ዕቃው ታሽጓል። ልጆቹ በአዲሱ ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። የዳላሱ ቤት ቁልፍም እጅዎ ገብቷል። አንድ ጥያቄ ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ሁለተኛዋ መኪና ምን ትሁን?

ዕዳዋን ከፍለው ከጨረሱ ቆይተዋል። ሞተሯ ደህና ነው። ብትሸጥ የምታወጣው ገንዘብ ሌላ መኪና አይገዛም። ታላቅየው ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት መንጃ ፈቃድ ያወጣል። ሁለት ሾፌር ባለበት ቤት ሁለቱን መኪኖች ለየብቻ መንዳት ከሁሉም ቀላሉ ነው። እናት ሕፃን በያዘችበት፣ ወይም ረጅም ሀይዌይ የለመደው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት ቤት ግን ይህ አይሆንም። ያኔ ነው ዓይን ወደ ትልቁ ኤስዩቪ የሚዞረው። «ሁላችንም በአንድ መኪና እንሂድ፤ ይቺን ትንሿን በተሳቢ ጭነን ከኋላ ብንጎትታትስ?»

ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ከሰሜን ቨርጂኒያ ተነስቶ ሸናንዶዋ ሸለቆን፣ የቴነሲን ተራሮች፣ የሚሲሲፒን ወንዝና የአርካንሳስን ሜዳ አልፎ ዳላስ የሚገባው መንገድ 1,330 ማይል ገደማ ነው፤ ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ ውብ ነው። ነገር ግን በመኪና ላይ መኪና ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ደህንነቱ የሚወሰነው ተራራው ላይ አይደለም። አስቀድሞ ወረቀት ላይ በሚሠራ የመደመር ሒሳብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በቀስታ። እስቲ ከሒሳቡ እንነሳና መንገዱን አብረን እንውጣ።

ሒሳቡ ይቅደም

ሰፊና ግዙፍ ሆኖ የሚታይ ኤስዩቪ ሁሉ መኪና ይጎትታል ማለት አይደለም። በብዙ ቤተሰብ ደጅ የሚታየውን ቶዮታ ሃይላንደርን እንውሰድ። ባለ 6 ሲሊንደሩ፣ የመጎተቻ መሣሪያው ሲሟላለት፣ የሚፈቀድለት 5,000 ፓውንድ ነው፤ ወደ 2,270 ኪሎ ግራም። ሃይብሪዱ 3,500 ፓውንድ ብቻ ነው። ራቭፎር ደግሞ በብዙዎቹ ሞዴሎቹ ከዚያም ያነሰ።

አሁን የሚጎተተውን እንደምር። መኪናን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው ባለ አራት ጎማ የዩሆል ተሳቢ ባዶውን 2,210 ፓውንድ ይመዝናል፤ አንድ ቶን ማለት ነው። የጥቂት ዓመት ዕድሜ ያላት ካምሪ 3,300 ፓውንድ ገደማ ናት። ሁለቱ ሲደመሩ ከ5,500 በለጡ። ሃይላንደሩ ከግቢ ሳይወጣ ከአቅሙ በላይ ሆነበት ማለት ነው። ካምሪዋን በኮሮላ ብንተካት እንኳ ድምሩ ወሰኑ ጫፍ ላይ ይደርሳል ወይም ያልፋል። ይህ ሥራ ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ ለተሠሩት፣ እንደ ሼቭሮሌ ታሆ፣ ፎርድ ኤክስፔዲሽንና ቶዮታ ሴኮያ ላሉት ትላልቆች ነው። እነሱም ቢሆኑ አቅማቸው እንደ ሞዴሉ፣ እንደ ሞተሩና ከፋብሪካ ይዘውት እንደወጡት የመጎተቻ መሣሪያ ይለያያል። የጎረቤት ታሆ ስለጎተተ የእርስዎ ይጎትታል ማለት አይደለምና የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛ ቁጥር አለ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ፣ ሰውና ጭነት በአንድነት ከስንት ፓውንድ እንዳያልፍ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ ያገኛሉ። የተሳቢው አፍንጫ በኤስዩቪው ጅራት ላይ ሲያርፍ የሚጫነው ክብደትም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ይህ የአፍንጫ ክብደት ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። 5,500 ፓውንድ የሚጎትት ሰው ቢያንስ 550 ፓውንድ ጅራቱ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ወረቀቱ 1,500 የሚል ከሆነ የቀረው 950 ነው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች 600 ቢሆኑ ለሻንጣና ለስንቅ 350 ይቀራል። ምጣዱን፣ የመጻሕፍቱን ሳጥንና የአያትን ሙቀጫ እዚያው ኤስዩቪው ውስጥ ለመጠቅጠቅ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው ቁጥር ከኤስዩቪው በታች የተገጠመው መጎተቻ ብረት፣ ማለትም የሂቹ አቅም ነው፤ እሱም ብረቱ ላይ ተጽፏል። ከሦስቱ አንዱም መታለፍ የለበትም። ሒሳቡ እምቢ ካለ መኪና አመላላሽ ድርጅት መቅጠር፣ ዕቃውንም መኪናውንም አብሮ የሚወስድ የጭነት መኪና መከራየት፣ ወይም መሸጥ አለ። ሦስቱን ዋጋዎች ከተሳቢው ኪራይ፣ ከነዳጁና ከሆቴሉ ወጪ ጋር ጎን ለጎን ጽፈው ያስተያዩ። ኢንሹራንስዎም ዘንድ ይደውሉ፤ የሚጎተተው መኪናና የኪራዩ ተሳቢ እንዴት እንደሚሸፈኑ ከመነሳትዎ በፊት ይወቁ። የተለየ መንጃ ፈቃድ ግን አያስፈልግዎትም። ለከባድ መኪና የሚሰጠው ፈቃድ የሚጠየቀው የጎታቹና የተጎታቹ የተፈቀደ ክብደት በአንድነት 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ከመነሳት በፊት፣ ግቢ ውስጥ

መኪናዋ ተሳቢው ላይ የምትወጣው ፊቷን ወደፊት አድርጋ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ክብደቱ ወደ ኤስዩቪው ያዘነብላል። ከጭነቱ 60 በመቶው በተሳቢው የፊት ግማሽ ላይ ሲያርፍ ተሳቢው ተረጋግቶ ይከተላል። ክብደቱ ወደኋላ ከሄደ ጅራቱን እንደ ዓሣ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ የተጫነችው መኪና ኮፈን ውስጥ ዕቃ አይከማች፤ የኋላ ሻንጣዋም ባዶ ይሁን። ሰውም፣ ለአጭር መንገድም ቢሆን፣ በውስጧ አይቀመጥ።

መኪናዋ ከወጣች በኋላ ማርሹ ፓርክ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። የፊት ጎማዎቿ በቀበቶ ጥርቅም ተደርገው ይታሰሩ። ከኤስዩቪው ጋር የሚያያዘው ኳስ ከተሳቢው መያዣ ጋር ልኩ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከቆለፉት በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ ወደ ላይ በክሪክ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሞክሩት። የኤስዩቪው ጅራት አብሮ ከተነሳ ተቆልፏል። ሁለቱ የጥንቃቄ ሰንሰለቶች ከአፍንጫው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። መያዣው ቢለቅ አፍንጫው አስፋልት ላይ ከመውደቅ ይልቅ በተጠላለፉት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል።

የመብራቱን ፈተና ለልጆቹ ይስጧቸው። አንዱ ከኋላ ቆሞ «ግራ! ቀኝ! ፍሬን!» ይበል። ሌላው ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ ምልክት ያድርግ። ይህ ሥራ ለአራት ቀናት የእነሱ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ስልክ ላይ ከማፍጠጥም ያድናቸዋል። የስድስቱንም፣ አይደለም፣ የስምንቱንም ጎማ ነፋስ ጠዋት መንገድ ሳይሞቃቸው ይለኩ፤ አራት የኤስዩቪው፣ አራት የተሳቢው። ትርፍ ጎማውንም አይርሱ።

ከመንገዱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ሰፊ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ይፈልጉና አንድ ሰዓት ይለማመዱ። ወደኋላ መሄድ ከሁሉም ይከብዳል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳልና። ዘዴው እጅን በመሪው የታችኛው ክፍል ላይ ማድረግ ነው። ከዚያ እጅዎ ወደሄደበት ተሳቢውም ይሄዳል። በትንሽ በትንሹ ያዙሩ፤ ከተጣመመ ወደፊት ወጥተው እንደገና ይጀምሩ። ኩርባ ላይ ደግሞ ሰፋ አድርገው ይዙሩ፤ የተሳቢው ጎማ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጎማ ወደ ውስጥ ያጥራል።

አንደኛ ቀን፦ በሸለቆው ውስጥ ወደ ላይ

ጎህ ሲቀድ ይነሱ። ከአሌክሳንድሪያ በ66 ቁጥር ሀይዌይ ወደ ምዕራብ ተጉዘው 81ን ሲይዙ የዋሽንግተን ግርግር ከኋላ ይቀራል። በግራዎ የብሉ ሪጅ ተራሮች፣ በቀኝዎ የአሌጌኒ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ መሐሉ ሸናንዶዋ ሸለቆ ነው። የሸናንዶዋ ወንዝ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ያገሬው ሰው ወደ ደቡብ መሄድን «ወደ ላይ መውጣት» ይለዋል። ካርታ ላይ ወደ ታች፣ በእነሱ አነጋገር ወደ ላይ! ልጆቹን ማስገረሚያ ይሆንዎታል።

በዚህ ሸለቆ ቤቱን ጭኖ የሄደ የመጀመሪያው ቤተሰብ የእርስዎ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከፔንሲልቬኒያ የተነሱ ጀርመናውያንና የስኮትላንድ ዝርያ ያላቸው አየርላንዳውያን ሰፋሪዎች፣ ታላቁ የሠረገላ መንገድ በተባለው ጎዳና፣ ዕቃቸውን በፈረስ ሠረገላ እያስጎተቱ ወደ ደቡብ ወርደውበታል። የዛሬው 81 አብዛኛውን የሸለቆ ጉዞውን የሚያደርገው በዚያው መስመር አጠገብ ነው።

ከእነዚያ ሠረገላዎች የሚለየን ፍጥነት ነው። በጣም እንዳይለየን ግን ይጠንቀቁ። ዩሆል ለተሳቢዎቹ ያስቀመጠው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ነው፤ 88 ኪሎ ሜትር። የመንገዱ ምልክት 70 ይላል። 81 ደግሞ የከባድ መኪኖች መንገድ ነው፤ ባለ 18 ጎማዎቹ አንድ በአንድ እያለፉዎት ይሄዳሉ። ይለፉ። ቀኝ መስመርዎን ይያዙ። ትልቁ መኪና ሊያልፍዎት ሲጠጋ የሚገፋው ነፋስ መጀመሪያ ተሳቢውን ገፋ ያደርገዋል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደራሱ ሳብ ያደርገዋል። በሁለቱም ጊዜ መሪውን በሁለት እጅዎ ቀጥ አድርገው ይዘው መጠበቅ ብቻ ነው።

ተሳቢው ከወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ቢጀምርስ? ይህን ከመነሳትዎ በፊት በቃልዎ ይያዙት። እግርዎን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ቀስ አድርገው ያንሱ። መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ። የኤስዩቪውን ፍሬን በድንገት አይርገጡ፤ ተሳቢውን ለማስተካከል ብለው መሪውን ግራና ቀኝ አያወላውሉ፤ ፍጥነት ጨምሬ ላመልጠው አይበሉ። ፍጥነቱ ሲወርድ ውዝዋዜው ይረግባል። ከዚያ ደህና ቦታ ላይ ቆመው ጭነቱን፣ ቀበቶውንና የጎማውን ነፋስ ይመልከቱ፤ ያለምክንያት የሚወዛወዝ ተሳቢ የለም።

ከተነሱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማይሎች፣ ከዚያ በ50ኛው ማይል ግድም፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ። ቀበቶ ይላላል፤ ሰንሰለት ይጎተታል። እጅዎን ወደ ተሳቢው ጎማ መሐል ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ችግር አለ። ልጆቹ ዝርዝራቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ እናት ፔርሙሱን ትከፍታለች። ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድፎ ዳቦ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ተሳቢ ይዞ በሃምበርገር ቤት ጠባብ መስኮት በኩል ማለፍ አይቻልምና።

ከሌክሲንግተን ወደ ደቡብ ጥቂት እንደሄዱ ናቹራል ብሪጅ የሚባለውን የተፈጥሮ ድልድይ ያገኛሉ። ውሃ የፈለፈለው፣ 215 ጫማ ከፍታ ያለው የኖራ ድንጋይ ቅስት ነው። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1774 ከእንግሊዝ ንጉሥ ገዝቶት ነበር። የብሉ ሪጅን ጫፍ የሚከተለው የስካይላይን ድራይቭ ጥምዝምዝ መንገድ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይዎት፤ ውበቱ የሚጣፍጠው ከኋላ ምንም ሳይጎትቱ ነው።

ዋይትቪል አጠገብ ልጆቹ ምልክቶቹን ያንብቡ። 81ና 77 ለጥቂት ማይሎች አንድ መንገድ ይሆናሉ፤ አንዱ ሰሌዳ «81 ደቡብ» ሲል ሌላው «77 ሰሜን» ይላል፤ መኪናው ግን የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ከ370 ማይል በኋላ ብሪስቶል ይደርሳሉ። የከተማዋ ዋና መንገድ ስቴት ስትሪት ይባላል፤ የቨርጂኒያና የቴነሲ ወሰን መሐል ለመሐል ያልፍበታል። በአንድ እግር ቨርጂኒያ፣ በአንድ እግር ቴነሲ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ ልጅ ብሪስቶልን አየሁ አይልም።

ሆቴሉን የሚይዙት በስልክ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «መኪና የጫነ ተሳቢ ይዣለሁ፤ ሳልዞር የምወጣበት ቦታ አላችሁ?» ሲያቆሙም አፍንጫዎ ወደ መውጫው ይሁን። መብራት ያለበትና ካሜራ የሚያየው ቦታ ይምረጡ፤ መያዣው ላይም ቁልፍ ያድርጉበት።

ሁለተኛ ቀን፦ ዳገትና ቁልቁለት

ከብሪስቶል በኋላ 81 አልቆ 40 ይጀምራል። ኖክስቪልን ካለፉ በኋላ ሮክዉድ አካባቢ መንገዱ ወደ ከምበርላንድ ደጋ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ቶው-ሆል የሚባለውን የመጎተቻ ቁልፍ ይጫኑ፤ ካምቢዮው ማርሽ እየደጋገመ እንዳይቀያይርና እንዳይግል ይረዳዋል። የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። ከፍ ካለ ኤርኮንዲሽኑን አጥፍተው ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከዚያም ካለፈ ቆመው ያቀዝቅዙት። ደጋው ላይ የሰዓት ክልሉ ይቀየርና አንድ ሰዓት በነፃ ያገኛሉ። በዚያ ሰዓት መፍጠን ሳይሆን ቡና መጠጣት ይሻላል።

ዳገቱን ሞተር ይወጣዋል፤ ቁልቁለቱን ግን የሚያወርደው ሾፌሩ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህን ያውቃል። ተሳቢ የያዙት የአገራችን የጭነት መኪና ሾፌሮች ዓባይ በረሃን የሚወርዱት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይደለም። ከሞንተሬይ ወደ ኩክቪል የሚወርደው የ40 ቁልቁለትም ያንኑ ጥበብ ይጠይቃል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፤ ማርሹን ወደ ዝቅተኛ ያውርዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይርገጡና ይልቀቁ። እግር ሳይነሳ ለረጅም ጊዜ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም። የኪራይ ተሳቢዎች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ፍሬን አላቸው፤ ኤስዩቪው ሲይዝ ተሳቢው በሚገፋው ጉልበት የሚሠራ ነው። ቢሆንም ለመቆም የሚያስፈልግዎት ርቀት ከለመዱት እጅግ ይረዝማል። ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር ያለዎትን ክፍተት ቢያንስ እጥፍ ያድርጉት። ሌላው ሰው ቢገባበትም አይናደዱ፤ እንደገና ይክፈቱት።

ከኩክቪል በኋላ መንገዱ ኬኒ ፎርክ የተባለውን ወንዝ ደጋግሞ ያቋርጠዋል። ትንሹ ልጅ ድልድዮቹን ይቁጠር። በዚህ መሐል ነዳጁ ያሳስብዎታል። በጋሎን 20 ማይል የሚሄድ ኤስዩቪ መኪና ሲጎትት ወደ 12፣ ወደ 10ም ቢወርድ አይደንግጡ፤ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ይቅዱ። ማደያ ሲመርጡ ዋጋውን ብቻ አይዩ፤ ሳይገቡ መውጫውን ይዩ። ለከባድ መኪና የተሠሩ ሰፋፊ ማደያዎች ከሳንቲም ልዩነቱ ይልቅ ዋጋ አላቸው።

ማታ ናሽቪል ነዎት። ከተማዋ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ መዲና ናት፤ ለእርስዎ ግን ከሁለት ቀን ስንቅ በኋላ ትኩስ ሽሮ የሚገኝባት ከተማ ብትሆን ይበልጣል። የሀበሻ ምግብ ቤት አላት። ተሳቢውን ሆቴል ይተዉና በታክሲ ይሂዱ።

ሦስተኛ ቀን፦ ወንዙን መሻገር

ከናሽቪል እስከ ሜምፊስ 210 ማይል ነው። ሜምፊስ ውስጥ ሎሬን ሞቴል ይገኛል፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 1968 በጥይት የተመቱበት። ዛሬ የዜጎች መብት ትግል ሙዚየም ነው። አንድ ቀን መጨመር ከቻሉ እዚህ ይጨምሩት፤ ለልጆችዎ ስለሚያድጉባት አገር ከሙሉ ዓመት ትምህርት ያላነሰ ይነግራቸዋል።

ከዚያ ሚሲሲፒ ይመጣል። 40 ወንዙን የሚሻገረው እ.ኤ.አ. በ1973 በተከፈተው በሄርናንዶ ዴ ሶቶ ድልድይ ነው። ሁለቱ ቅስቶቹ ከሩቅ የእንግሊዝኛውን ኤም ፊደል ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ብረቱ ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ድልድዩ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስንጥቁ የተያዘው በፍተሻ ነው፤ ድልድዩም ሳይወድቅ ተጠግኖ ተከፍቷል። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ተሳቢውን መዞር የሰለቸው ልጅ ካለ ይህን ታሪክ ድልድዩ ላይ ይንገሩት።

ከወንዙ ማዶ አርካንሳስ ነው። ተራራው አብቅቶ ሜዳው ይዘረጋል፤ የሩዝ እርሻ ዓይን እስከሚደርስ። የአሜሪካ ሩዝ በብዛት የሚመረተው እዚህ ግዛት ነው። ሜዳው ያርፋል ብለው አይዘናጉ። ነፋሱን የሚከለክል ነገር የለምና የጎን ነፋስ ተሳቢውን ያገኘዋል። ነፋሱ ከበረታ ከ55ም ዝቅ ይበሉ። ጉዞዎ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከሆነ ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። የሚፈነዳ ጎማ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ያነሰ፣ ጭነቱ የበዛና አስፋልቱ የጋለበት ጎማ ነው። ጠዋት የወሰዱት የሁለት ደቂቃ ልኬት እዚህ ይከፍልዎታል። ከሜምፊስ 137 ማይል ሄደው ሊትል ሮክ ያድራሉ።

አራተኛ ቀን፦ ወደ አዲሱ ቤት

የመጨረሻው ቀን 320 ማይል ነው፤ በ30 ቁጥር ሀይዌይ። አደገኛውም ይህ ቀን ነው። ተራራ የለም፤ ጠመዝማዛ የለም፤ ቤቱ ቀርቧል፤ ሰውነት ደክሟል። ቴክሳስ ውስጥ ምልክቱ 75 ሲል እግር ሳያውቀው ይጫናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት እናቶቻችን 55ን ባያውቁም ነገሩን ያውቁታል። ከ55 ወደ 70 ከፍ ቢሉ በ320 ማይል ውስጥ የሚያተርፉት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት ላይ የሚወዛወዝ ተሳቢ ግን ለማሰብ ሰከንድ አይሰጥም፤ ከፊት ወንበር ኋላ የተቀመጡት ደግሞ ልጆችዎ ናቸው። ሒሳቡ ግቢ ውስጥ እንደሠራነው ሁሉ እዚህም አንድ ነው።

መሐል ላይ ሆፕ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱባት። ቀጥሎ ቴክሳርካና ነው። እንደ ብሪስቶል በሁለት ግዛቶች መሐል የተቀመጠች ናት፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቱና ፖስታ ቤቱ ያሉበት ሕንፃ ግማሹ አርካንሳስ፣ ግማሹ ቴክሳስ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቀን በአንድ ወሰን ላይ ፎቶ የተነሱት ልጆች አራተኛው ቀን በሌላው ላይ ይነሳሉ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡላቸው።

ሮክዎል ላይ መንገዱ ሬይ ሃባርድ ሐይቅን በድልድይ ይሻገራል፤ ከማዶ ጋርላንድ ናት። እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ቡና የሚጠራዎት ጎረቤት ያለባት የዳላስ ዳርቻ። ከሐይቁ በኋላ የከተማው ትራፊክ ይጠነክራልና ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ለመግባት ያቅዱ። መውጫዎን ቢያልፉ በድንገት አይጠምዝዙ፤ ቀጣዩ መውጫ ሁልጊዜ አለ።

ተሳቢው ሲራገፍ ያለውን ቅደም ተከተል አይዝለሉ። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከኤስዩቪው ጋር እንደተያያዘ፣ የተሳቢው ጎማዎች ሽብልቅ ተደርጎላቸው ይሁን። ከኤስዩቪው ነጥሎ መኪናዋን ለማውረድ የሞከረ ሰው የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ሲነሳ ያየዋል። መወጣጫው ከወረደ፣ ቀበቶው ከተፈታና ከኋላ ማንም አለመቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ መኪናዋ ቀስ ብላ ትውረድ።

አራት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው አልፎዎት ሄዷል። ደግሞም አራት ቀን ሙሉ ልጆችዎ ወንዝ ቆጥረዋል፣ ሰሌዳ አንብበዋል፣ ጎማ ለክተዋል፤ በአውሮፕላን ቢመጡ የማያዩትን ያገራቸውን ሆድ አይተዋል። በሚቀጥለው ዓመት መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው ልጅ ደግሞ ከማንኛውም የመንጃ ትምህርት ቤት በፊት አንድ ነገር ተምሯል፤ መኪና ክብደት እንዳለው። ዳላስ ሲደርሱ ዘመድ ወዳጅ በስንት ሰዓት ገባችሁ ብሎ አይጠይቅዎትም። የሚጠይቅዎት «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብሎ ነው።

መልካም መንገድ።